ተክል የተሳለባቸውን የድሮ መጽሔት ሽፋኖች ለቤት ግድግዳ

አያቴ ቤት እኔ የምተኛበት ክፍል ግድግዳው ጭቃ ነበር። ጭቃው ከላይ እስከ ታች በጋዜጣና በመጽሔት ገጽ ተለጥፏል። ሙጫው ዱቄት በውሃ ተፈልቶ የተሠራ ነው። አያቴ የለጠፈችው ብርድና አቧራ እንዳይገባ ብላ ነበር። እኔ ግን ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን እያየሁት ነው የማንቀላፋው። ከሁሉም አንድ ገጽ ልቤ ውስጥ ቀርቷል። የውጭ አገር መጽሔት ሽፋን ነው። መስኮት አለ፤ መስኮቱ ሥር የሸክላ መትከያ፤ መትከያው ላይ ቀይ አበባ። ጽሑፉን ማንበብ አልችልም ነበር። አበባውን ግን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ።

አሁን የራሴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሦስት እንዲህ ያሉ ሥዕሎች አሉ። ሦስቱም ተክል ናቸው። ከሥራቸው ደግሞ እውነተኛ ተክሎች ተቀምጠዋል። የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው። እንዴት እንደሠራኋቸው በተደጋጋሚ ስለምጠየቅ፣ ከመምረጥ እስከ መስቀል ያለውን እነሆ።

1. ከተክላችሁ ጀምሩ

ብዙ ሰው መጀመሪያ ሥዕል ይመርጣል፤ ከዚያ ቦታ ይፈልግለታል። እኔ የምመክረው ሌላ ነው። መጀመሪያ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ተክል እዩ። ፈርን (ቅጠሉ እንደ ላባ የተዘረጋ ተክል) ካላችሁ ፈርን የተሳለበት ሽፋን ፈልጉ። ካክተስ ካላችሁ ካክተስ። ሥዕሉና ተክሉ ሲተያዩ ነው ነገሩ የሚያምረው። ተክል የሌለው ቤት ውስጥ የተሰቀለ የተክል ሥዕል አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

ተክሉ ዘመኑንም ይመርጥላችኋል። የቤት ውስጥ ተክል እንደ ልብስ ፋሽን አለውና።

ፈርንን ውሰዱ። የለንደኑ ሐኪም ናትናኤል ዋርድ በ1829 ገደማ (እዚህ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) ገና ክንፍ ያላወጣ የእሳት ራት ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጦ ይከታተል ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ ሳይታሰብ ፈርን በቀለ። የከተማው የከሰል ጭስ ውጭ ያሉትን ፈርኖች ሲገድል፣ የተዘጋው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ግን ለመለመ። ከዚያ በኋላ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተክል ማሳደግ የእንግሊዝ ሳሎኖች ወግ ሆነ። አሁን ቴራሪየም የምንለው ነገር ከዚያ የመጣ ነው። በዚያው ዘመን አስፒዲስትራ የሚባል ሰፊ ቅጠል ያለው የጃፓን ተክልም ነገሠ። ጨለማውንም የጋዝ መብራቱንም ጭስ ይችል ነበር። ቦስተን ፈርን የሚባለው ደግሞ በ1894 ከፊላደልፊያ ወደ ቦስተን ከተላኩ ተራ ፈርኖች መካከል ተለይቶ የተገኘ ነው። እንግዲህ ፈርን፣ አስፒዲስትራና ዘንባባ የምትወዱ ከሆነ ዘመናችሁ 19ኛው ክፍለ ዘመንና የ20ኛው መጀመሪያ ነው።

ካክተስ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ጎልቶ ወጣ። ቀጥ ያለ ቅርጹ ከዘመኑ የቤት ዕቃ ጋር ይሄድ ነበር። ሰፊው ቅጠሉ የተሰነጣጠቀው ሞንስቴራና የጎማ ተክል ደግሞ የ1950ዎቹ ናቸው። መስኮት ላይ የተቀመጠ ጄራንየም ግን ዘመን የለውም። እናት አገሩ ደቡባዊ አፍሪካ ሲሆን በሁሉም አሥርት ዓመት ሽፋኖች ላይ ታገኙታላችሁ። የአያቴ ግድግዳ ላይ የነበረውም ጄራንየም ሳይሆን አይቀርም።

እኛን የሚነኩ ተክሎችም አሉ፤ እነሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንደኛው ቡና ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የተክል መሸጫዎች ውስጥ ትንንሽ የቡና ችግኞች ለቤት ውስጥ ጌጥ ይሸጣሉ። በ1787 ለንደን ውስጥ የተጀመረውና ዛሬም የሚታተመው የኩርቲስ የእጽዋት መጽሔት በ1810 የቡናን ሥዕል አውጥቷል። ነጭ አበባው፣ የሚያብረቀርቀው ቅጠሉ፣ ሁሉም አለ።

ሁለተኛው እንሰት ነው። በ1853 ምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል የእንሰት ዘር ለንደን ወደሚገኘው የኪው የእጽዋት ማዕከል ላከ። የአገሬው ሰው «አንሰት» እንደሚለውም ጽፎ ነበር። ኪው ያሉት ስሙን አላወቁትም። ሲበቅል ግን የሙዝ ዘመድ መሆኑ ታየ። በ1861 ያው የኩርቲስ መጽሔት ሥዕሉን አተመው። ጓሮው እንሰት የሞላበት ቤት ያደገ ሰው ያንን ሥዕል ሲያይ ምን እንደሚሰማው እኔ መናገር አያስፈልገኝም።

ሦስተኛው ላይ ግን ተጠንቀቁ። እንደ ቀንድ የተጠቀለለ ነጭ አበባ ያለው፣ ግቢ ውስጥ ውሃ አጠገብ የሚበቅለው ካላ ሊሊ ሳይንሳዊ ስሙ ላይ «ኤትዮፒካ» የሚል ቃል አለ። ስለዚህ አንዳንድ ሰው የኢትዮጵያ አበባ ብሎ ይሸጠዋል። ተክሉ የደቡባዊ አፍሪካ ነው። የስዊድኑ የእጽዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 ይህን ስም ያወጣለት፣ የጥንት አውሮፓውያን ሰፊውን የአፍሪካ ምድር ኢትዮጵያ ይሉ ስለነበር ነው። አበባው ግን ግሩም ነው፤ ለውበቱ ስቀሉት።

2. የተሳለ ሽፋን ፈልጉ

የድሮ መጽሔት ሽፋን ስል በሠዓሊ እጅ የተሠራውን ማለቴ ነው። ይህን ለማግኘት ዓመቱን ማወቅ ይበቃል።

ለቤትና ለአትክልት የተዘጋጁት ታዋቂዎቹ የአሜሪካ መጽሔቶች በአንድ ዘመን ነው የተወለዱት። ሀውስ ቢዩቲፉል በ1896 ቺካጎ ውስጥ ተጀመረ። ሀውስ ኤንድ ጋርደን በ1901 ፊላደልፊያ ውስጥ። ቤተር ሆምስ ኤንድ ጋርደንስ ደግሞ በ1922 አዮዋ ውስጥ «ፍራፍሬ፣ አትክልትና ቤት» በሚል ስም ወጣ፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1924 ነው። በዚያን ጊዜ ሽፋን ማለት ሥዕል ማለት ነበር። ሠዓሊ ይቀጠራል፤ ወሩን የሚመስል ነገር ይስላል። ለብርድ ወር መስኮት ላይ ያለ አበባ፣ ለጸደይ የተደረደሩ መትከያዎች።

ከዚያ ፎቶ መጣ። የፋሽን መጽሔቱ ቮግ የመጀመሪያውን ባለ ቀለም የፎቶ ሽፋን ያወጣው በሐምሌ 1932 ነው፤ ያነሳው ኤድዋርድ ስታይከን ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሠዓሊዎች ከሽፋን ላይ ቀስ በቀስ ለቀቁ። ስለዚህ ፍለጋችሁን ከ1935 በፊት ባሉት ላይ ብታደርጉ ጊዜ ትቆጥባላችሁ።

ሽፋን ብቻ ከፈለጋችሁ ግን አንድ ትልቅ ሀብት ያልፋችኋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቤልጅየሟ ጌንት ከተማ የተክል ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበረች። ሉዊ ቫን ሁት የተባለው ነጋዴ ከ1845 ጀምሮ ፍሎር ዴ ሴር የተባለ መጽሔት አሳተመ። በ1854 ደግሞ ኢሉስትራሲዮን ኦርቲኮል የተባለው ተከተለ። ሁለቱም ከሩቅ አገር የመጡ የመስታወት ቤት ተክሎችን በቀለም ያወጡ ነበር። ቤጎንያው፣ ካላዲየሙ፣ ድራሲናው፣ ዛሬ ሶፋችን አጠገብ የምናስቀምጣቸው ሁሉ እዚያ አሉ። ሥዕሎቹ የውስጥ ገጾች ናቸው። ከሽፋን ጎን ሲሰቀሉ ግን ያለ ርዕስና ያለ ዋጋ ስለሆኑ ዓይን ያሳርፋሉ። እኔ ሁለት ሽፋንና አንድ የውስጥ ገጽ አብሬ ነው የሰቀልኩት።

የት ይገኛሉ? ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ የተባለው ድረ ገጽ የኩርቲስንም የጌንቶቹንም በነፃ ያወርድላችኋል። ኢንተርኔት አርካይቭና ሀቲትረስት ላይ ደግሞ የአሜሪካ መጽሔቶች ጥራዞች አሉ። አንድ ምክር ልስጥ፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ፒዲኤፉን አታውርዱ። ፒዲኤፍ ውስጥ ያለው ምስል የተጨመቀ ነው፤ ሲታተም ይደበዝዛል። የገጹን ምስል ለብቻው የሚያወርደውን ምርጫ ተጠቀሙ።

3. ዋናውን አትቁረጡ

የወረቀቱን ቅጂ በእጃቸው የሚያገኙም አሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡ ሰዎችን ጠይቁ፤ ከክምሩ ሥር የውጭ መጽሔት አይጠፋም። አሜሪካ ያላችሁ ስሪፍት ስቶርና ጋራዥ ሴል አለላችሁ።

ስትገዙ አጉሊ መነጽር ያዙ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ኅትመት (ድንጋይ ላይ ተስሎ ወደ ወረቀት የሚታተመው) ነጥቦቹ የተዘበራረቁና በእጅ የተነጠቡ ይመስላሉ። የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጽሔት ነጥቦቹ እኩል የተደረደሩ ናቸው፤ ተጠጋግተው እንደ ትንሽ ጽጌረዳ ይታያሉ። የዛሬ ፕሪንተር ደግሞ በጣም ደቃቅ፣ እንደ ተረጨ ቀለም ነው። «የ1880 ኦሪጅናል ነው» ተብላችሁ የተረጨ ቀለም ካያችሁ ዋጋውን እንደ ቅጂ ተደራደሩ።

መጽሔቱ ሙሉ ከሆነ እባካችሁ ሽፋኑን አትገንጥሉት። ይህን የምለው ከልቤ ነው። የዚያ ዘመን ወረቀት ከእንጨት የተሠራና አሲድ ያለበት ስለሆነ በየዓመቱ እየደረቀና እየተሰባበረ ይሄዳል። ዓለም ላይ የቀረው ቅጂ በየቀኑ ይቀንሳል። እኛ አገር መነንን ወይም የካቲት መጽሔትን ሙሉውን ያገኘ ሰው ምን ያህል ዕድለኛ እንደሆነ አስቡ። ስካን አድርጉት፤ ዋናውን አስቀምጡ፤ ቅጂውን ስቀሉ። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ከሁለት ሜትር ርቀት ልዩነቱን የሚያይ ዓይን ብዙ አይደለም። ሽፋኑ ለብቻው ተገንጥሎ የመጣ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን መስቀል ትችላላችሁ።

ስካነር ከሌላችሁ ስልክ ይበቃል። ወረቀቱን መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳያርፍበት፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስተኙት። ስልኩ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ይሁን። ፍላሽ አትጠቀሙ። ስካነር ካለ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ላይ አድርጉት። እነዚያ እኩል የተደረደሩ ነጥቦች በዝቅተኛ ጥራት ሲነሱ እንደ ውሃ ሞገድ ያለ መስመር ይፈጥራሉ። በ600 አንስታችሁ በኋላ መጠኑን ብትቀንሱት ሞገዱ ይጠፋል። ብዙ ስካነሮች ነጥብ የሚያለሰልስ ምርጫም አላቸው፤ ካለ አብሩት።

4. መብቱ የማን ነው?

ለራሳችሁ ቤት አንድ ቅጂ ማተም ችግር የለውም። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ግለሰብ ለራሱ ጥቅም አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል። ለመሸጥ ካሰባችሁ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። አሜሪካ ውስጥ ከታተመ 95 ዓመት የሞላው ሥራ የሕዝብ ነው፤ በ2026 ሲሰላ እስከ 1930 የወጡትን ይጨምራል። አውሮፓ ሠዓሊው ከሞተ 70 ዓመት፣ ኢትዮጵያ ደግሞ 50 ዓመት መቆጠር አለበት። ደስ የሚለው ነገር የተሳሉት ሽፋኖች ዘመንና ነፃ የሆኑት ዓመታት አብረው መሄዳቸው ነው።

5. ሥዕሉን አጽዱ፣ ግን አታጥቡት

የድሮ ወረቀት ቢጫ ነው። ቢጫውን በሙሉ አጥፍታችሁ ነጭ ካደረጋችሁት የሥዕሉ ሙቀት አብሮ ይሄዳል። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ከሥዕሉ ውጭ ያለውን የወረቀት ጠርዝ አያለሁ። እሱ ቀላል የክሬም ቀለም እስኪመስል ድረስ ብቻ አነጣዋለሁ። የውሃ እድፍና የብዕር ጭረት ካለ አጠፋለሁ። የወሩን ስም፣ ዋጋውን፣ የመጽሔቱን ርዕስ ግን አልነካም። «ዋጋ 35 ሳንቲም» የሚለው ጽሑፍ ራሱ ጌጥ ነው። የሠዓሊውን ፊርማም አትቁረጡ፤ ብዙ ጊዜ ታች ጥግ ላይ ነው።

አሁን መጠን። 300 ዲፒአይ ላይ ኤ4 ለማተም 2480 በ3508 ፒክስል ያስፈልጋል። ለኤ3 3508 በ4961። ምስላችሁ ከዚህ ቢያንስም አትደንግጡ፤ ከሩቅ ለሚታይ ሥዕል 150 ዲፒአይም ይሆናል። የፒክስሉን ቁጥር ለ150 አካፍሉት፤ መልሱ በኢንች ትልቁ መጠናችሁ ነው። ሴንቲ ሜትር ለማግኘት በ2.54 አባዙት።

የድሮ መጽሔት ቅርጽ ከኤ4 ጋር በትክክል አይገጥምም። አንድ ጊዜ ፋይሉን ለማተሚያ ቤት ሰጥቼ ስመለስ ሥዕሉን ወደ ጎን ለጥጠው ወረቀቱን ሞልተውት አገኘሁ። የሸክላ መትከያው ድስት መስሏል። ከዚያ ወዲህ ፋይሉን ራሴ አዘጋጃለሁ። ኤ4 ነጭ ገጽ እከፍታለሁ፤ ሥዕሉን ቅርጹን ሳልቀይር መሐል አስቀምጣለሁ፤ የተረፈውን ነጭ እተወዋለሁ። ማተሚያ ቤቱንም «መቶ ፐርሰንት፣ ሳትለጥጡ» ብዬ እነግራለሁ።

6. ኅትመት

ወረቀቱ የማያብረቀርቅ ይሁን፤ ማት የሚሉት። የዚያ ዘመን ሥዕል በሚያብረቀርቅ ወረቀት ሲታተም የማስታወቂያ ፖስተር ይመስላል። ክብደቱ ከ200 እስከ 300 ግራም ይሁን፤ ከዚያ የሳሳ ወረቀት ፍሬም ውስጥ ይጨማደዳል።

ስለ ቀለሙም ጠይቁ። የቤት ኢንክጄት ፕሪንተሮች ብዙዎቹ ውሃ ውስጥ በሚሟሟ ቀለም ነው የሚሠሩት፤ ብርሃን ቶሎ ያጠፋዋል። ፒግመንት የሚባለው፣ ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ቀለም ወይም የሌዘር ቶነር የተሻለ ይቆያል። መጀመሪያ አንድ ብቻ አሳትሙ። ቤት ወስዳችሁ በቀንም በመብራትም እዩት። ስክሪን ላይ ያየነው ሁልጊዜ ከወረቀቱ ይልቅ ደማቅ ነውና አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ማድመቅ ያስፈልጋል።

7. ፍሬም

ሥዕሉ መስታወቱን መንካት የለበትም። ከነካ እርጥበት ሲመጣ ይጣበቃል፤ ሲላቀቅ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ስለዚህ በሥዕሉና በመስታወቱ መካከል መሐሉ የተቆረጠ ወፍራም ካርቶን ይግባ። ይህ ካርቶን ዙሪያውን ባዶ ድንበር ሆኖ ይታያል፤ ሥዕሉንም ትልቅ ሰው ያስመስለዋል። ቀለሙ የክሬም ይሁን። ፍጹም ነጭ ካደረጋችሁት የድሮው ወረቀት የቆሸሸ ይመስላል።

ልኩን እንሥራ። ኤ4 ሥዕል 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ፍሬም ውስጥ ሲገባ በግራና በቀኝ 4.5 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። ከላይና ከታች በድምሩ 10.3 ይተርፋል። ይህንን እኩል አትክፈሉት። ከላይ 4.7፣ ከታች 5.6 አድርጉት። እኩል ከሆነ ሥዕሉ ወደ ታች የወረደ ይመስላል፤ ዓይናችን እንደዚያ ነው። የካርቶኑን ቀዳዳ ስትቆርጡ ከሥዕሉ በየጎኑ ሦስት ሚሊ ሜትር አጥብቡት፤ ጠርዙን እንዲይዝ።

ሥዕሉን ከካርቶኑ ጋር በስኮች አታጣብቁት። ስኮች ከጊዜ በኋላ ቡናማ ይሆናል፤ እድፉም አይለቅም። ኮላም አትቀቡት። ሁለት መንገድ አለ። ለቅጂ የሚበቃው ቀላሉ ከወረቀት አራት ትንንሽ የጥግ ኪስ አጥፋችሁ ሥዕሉን ጥግ ጥጉን መክተት ነው፤ ልክ የድሮ ፎቶ አልበም ላይ እንዳለው። ዋናውን ሽፋን የምትሰቅሉ ከሆነ ደግሞ የላይኛውን ጠርዝ ብቻ በሁለት ቦታ፣ በስሱ ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ያዙት። የአያቴ ሙጫ ማለት ነው! ስታርቹ በውሃ ይለቃል፤ ወረቀቱን አይጎዳም። ከላይ ብቻ የሚያዘው ወረቀት በእርጥበትና በድርቀት ስለሚሰፋና ስለሚጠብ ነው። አራቱም ጎኑ ከታሰረ ይቆለመማል።

ለክፈፉ የማይጮህ እንጨት ምረጡ። ባለወርቅ ቀለም አበባ የተቀረጸበትን አልመክርም፤ ከተክሉ ጋር ይጣላል። 40 በ50 ፍሬም ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ብቻውን አንድ ኪሎ ይመዝናል። ተከራይ ከሆናችሁና ምስማር መምታት ካልተፈቀደላችሁ በአክሪሊክ ቀይሩት፤ ክብደቱ ግማሽ ያህል ነው፣ በተለጣፊ ማንጠልጠያም ይያዛል። ማንጠልጠያው ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን የኪሎ ልክ አንብቡ።

8. ተክል ብርሃን ይወዳል፣ ወረቀት አይወድም

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ተክሉ መስኮቱን ይፈልጋል። ሥዕሉ ከመስኮቱ መሸሽ አለበት። እኛ ደግሞ አብረው እንዲሆኑ እንፈልጋለን።

የመጀመሪያዬን ሥዕል የሰቀልኩት ከምሥራቅ መስኮት ትይዩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ በቀጥታ ታርፍበታለች፤ ሲያምር! ዓመት ሳይሞላው ግን ቀዩና ቢጫው ሄዶ ሰማያዊው ብቻ ቀረ። ቀይ የነበረው አበባ አመድ መሰለ። ብርሃን እነዚያን ሁለት ቀለማት ቀድሞ ይበላቸዋል።

መፍትሔው የጎን ግድግዳ ነው። መስኮቱ ካለበት ግድግዳ ጋር ማዕዘን የሚሠራውን ግድግዳ ምረጡ። ተክሉን ከመስኮቱ አጠገብ፣ ጥጉ ላይ አስቀምጡት። ሥዕሉን ከእሱ አለፍ አድርጋችሁ በጎኑ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ብርሃኑ ለተክሉ በቀጥታ ይደርሰዋል፤ በሥዕሉ ላይ ግን ተንሸራቶ ያልፋል። ከመስኮት ትይዩ ያለውን ግድግዳ ተዉት። እርግጠኛ ለመሆን አንድ ቅዳሜ ቤት ዋሉና በየሁለት ሰዓቱ ፀሐይዋ የት እንደምታርፍ እዩ። ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ፀሐይዋ በሰኔና በታኅሣሥ የምታርፍበት ቦታ ይለያያል፤ ስለዚህ ከጠረፉ ትንሽ ራቅ በሉ። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በብርድ ወራት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ወደ ክፍሉ ጠልቃ እንደምትገባ አትርሱ።

ቡናና ፈርን እዚህ ይረዳሉ። ሁለቱም የጥላ ተክሎች ስለሆኑ የሚፈልጉት ደማቅ ግን ቀጥታ ያልሆነ ብርሃን ነው። ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል ቢርቁ አይከፋቸውም፤ ወደ ሥዕሉም ይቀርባሉ። ካክተስና ጄራንየም ግን ፀሐይዋን ይፈልጋሉና መስኮቱ ሥር ይቆዩ።

ውሃም አለ። ቅጠል ላይ ውሃ የምትረጩ ከሆነ ተክሉና ሥዕሉ መካከል ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ቅጠሉ መስታወቱን አይንካ። ሻወርና ወጥ ቤት ደግሞ ለቅጂ እንጂ ለዋናው ሽፋን ቦታ አይደሉም።

9. መስቀል

የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 145 ሴንቲ ሜትር ላይ ይዋል። የቆመ ሰው ዓይን የሚያርፍበት ከፍታ ይህ አካባቢ ነው። እኛ ቤት ሥዕል ጣራው ሥር የመስቀል ልማድ አለ፤ የተክል ሥዕል ግን እንደ መስኮት መታየት አለበት። ሶፋ በላይ ከሆነ ከሶፋው ጀርባ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ሦስት ሥዕል አብራችሁ ከሰቀላችሁ በመካከላቸው ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ተዉ።

ምስማር ከመምታታችሁ በፊት የፍሬሞቹን ልክ ከጋዜጣ ቆርጣችሁ በወረቀት ፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፉ። አንድ ቀን ይቆይ። ተቀምጣችሁም ቆማችሁም እዩት። ቦታው ሲወሰን በሜትር ለኩ፣ በውሃ ልክ አስተካክሉ።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ አብዛኛው ብሎኬት ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ድሪሉን የመዶሻውን ሁኔታ አጥፍታችሁ ቀስ ብላችሁ ብሱ፤ አለበለዚያ ቀዳዳው ይፈርሳል። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፊሸር ይበቃል። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ጭቃው አይዝም፤ አንኳኩታችሁ እንጨቱን ፈልጉና እሱ ላይ ምቱ። መብራት ማብሪያው በቀጥታ ከላይና ከታች ሽቦ ሊያልፍ ስለሚችል እዚያ አትብሱ።

ፍሬሙ ጀርባ ታችኛው ጥጎች ላይ ትንንሽ የጎማ ወይም የቡሽ ቁራጭ ለጥፉ። ፍሬሙ ከግድግዳው ትንሽ ይርቃል፤ አየር ያልፋል። አዲስ አበባ በክረምት ግድግዳው እርጥበት ሲይዝ ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ከማይታየው ጀርባ ነው።

10. ከተሰቀለ በኋላ

መስታወቱን ስታጸዱ ፈሳሹን ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አትርጩ፤ ወደ ጠርዙ ሰርጎ ካርቶኑን ያረጥበዋል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ መስከረም ላይ አውርዳችሁ ጀርባውን እዩ። ትንሽ ብርማ ቀለም ያለው፣ ክንፍ የሌለው፣ ፈጥኖ የሚሮጥ ነፍሳት ካያችሁ ወረቀትና ስታርች የሚበላው እሱ ነው። ፍሬሙን ፈታችሁ አራግፉት፤ ክፍሉን አድርቁት፤ ጀርባውን በወረቀት ደግማችሁ አሽጉ።

ፋይሉን በፍላሽም በኢሜይልም አስቀምጡ፤ ቅጂው ሲደበዝዝ ሌላ ታትማላችሁ። ዋናውን መጽሔት ደግሞ አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ በአግድሙ አስተኝታችሁ፣ ጨለማና ደረቅ ቁምሳጥን ውስጥ አኑሩት። የታችኛው መደርደሪያ ላይ ግን አይሁን፤ ቤት ውስጥ ውሃ ከፈሰሰ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው።